የጀርመን ጥናት ሜጀር ልይዝ ነው፤ የአዲስ አበባው ወረቀቴ ከንቱ ነው?

የሌሊት ፈረቃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዲቪ ከመምጣታችን በፊት አዲስ አበባ በጎተ ተቋም ጀርመንኛ ተምሬ ቢ 1 የሚባለውን የመካከለኛ ደረጃ ፈተና አልፌአለሁ። ለክፍያው እናቴ የደረሳትን ዕቁብ እንዳለ ነው የሰጠችኝ። አሁን የጀርመን ጥናትን ሜጀሬ (ዋና የትምህርት መስኬ) ላደርግ አማካሪ ዘንድ ብሄድ፣ ወረቀቴን አገላብጦ አየና «ይህ እኛ ዘንድ ክሬዲት የለውም፤ ከአንደኛ ሴሚስተር ጀምሪ» አለኝ። «ስምሽ ማን ነው? ከየት መጣሽ?» ከሚለው ማለት ነው!

በተሰጠኝ ዝርዝር መሠረት ሜጀሩ 33 ክሬዲት ነው። የመጀመሪያ ዓመት የቋንቋ ኮርሶች አይቆጠሩም፤ በእንግሊዝኛ ከሚሰጡት ደግሞ ከሦስት በላይ አይያዝም። መጨረሻ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ጀርመን ወይም ኦስትሪያ አንድ ሴሚስተር መቆየት «በጥብቅ ይመከራል» ይላል። እኔ ሌሊት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ስድስት ወር ብጠፋ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። «በጥብቅ ይመከራል» ግዴታ ነው ወይስ ምክር?

የሚኒሶታ ብርድ፦
እህቴ፣ እኔም በዚሁ ትምህርት ነው የተመረቅሁት። ወረቀቱን ወደ ቦርሳሽ መልሺውና የምደባ ፈተና፣ ማለትም ከየትኛው ኮርስ እንደምትጀምሪ የሚለየውን ፈተና ጠይቂ። የምስክር ወረቀት የሚያውቀው ላያገኝ ይችላል፤ ፈተናው ግን የራሳቸው ነው፣ ውጤቱን አልቀበልም ሊሉሽ አይችሉም። የምትጠይቂውም የጠቅላላ አማካሪውን ሳይሆን በጀርመንኛ ክፍል ውስጥ የቅድመ ምረቃ ተማሪዎችን የሚከታተለውን መምህር ነው።

ፈተናው ከፍ ያለ ኮርስ ላይ ቢያስቀምጥሽም፣ የዘለልሻቸው ኮርሶች ብዙ ጊዜ ክሬዲት አይሆኑም። ለዲግሪው የሚፈለገውን 120 ክሬዲት በሌላ ኮርስ ትሞዪዋለሽ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ግን የተመደብሽበትን ኮርስ በቢ ወይም ከዚያ በላይ ውጤት ካለፍሽ ከሥር ያሉትን ወደ ኋላ ተመልሰው ይቆጥሩልሻል። ይህን ሳትጠይቂ የሚነግርሽ የለም።

«በጥብቅ ይመከራል» ምክር ነው። አንቺን የሚያስረው በገባሽበት ዓመት የወጣው የዩኒቨርሲቲው ካታሎግ ነው፤ ያንን አትመሽ ያዢ። ጀርመንን ማየት ከፈለግሽ በሰኔና በሐምሌ የሚሰጡ አጫጭር ኮርሶች አሉ። ዳአድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ለእነዚህ ኮርሶች ለአሜሪካና ለካናዳ ተማሪዎች ድጋፍ ይሰጥ ነበር፤ አሁንም እንዳለ ጠይቂ።

ደግሞ ብልጫ እንዳለሽ አትርሺ። አሜሪካውያን የክፍል ጓደኞቼ ግሡ መጨረሻ ላይ ሲሄድባቸው ይጨነቁ ነበር። «ቫይል ኢሽ ካይን ጌልት ሃበ»፣ ማለትም «ገንዘብ ስለሌለኝ»፤ ግሡ እንደ እኛው መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሏል። እኔ በአማርኛ አስቤ እጽፈው ነበር። የስሞችን ጾታ በሚያሳዩት ዴር፣ ዲ፣ ዳስ ላይ ግን አማርኛም አላዳነኝም፤ ማንኪያ ወንድ፣ ሹካ ሴት፣ ቢላዋ ሁለቱንም ያልሆነ የሆነበትን ምክንያት እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ላይፕዚግ ነዋሪ፦
እዚህ ጀርመን ገርማኒስቲክ (የጀርመንኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ጥናት) ብለሽ ብትገቢ ማንም ቋንቋ አያስተምርሽም፤ ስትመጪ ችለሽ ነው። ቢ 1 በር ላይ ይቀራል፤ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚወሰደው የጀርመንኛ ፈተና፣ ቴስትዳፍ፣ ከሆነ በተለምዶ በአራቱም ክፍል ደረጃ አራት ማምጣት ያስፈልጋል። ዲግሪው በመደበኛው 6 ሴሚስተር፣ 180 ነጥብ ነው፤ አዲሱ ሥነ ጽሑፍ፣ የቋንቋ ሳይንስ፣ የመካከለኛው ዘመን ጀርመንኛ። በመካከለኛው ዘመኑ ላይ ብዙ ጀርመኖች ያለቅሳሉ። እኔ በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ ስላደግሁ ከአሮጌ ቋንቋ ጋር መታገል አልከበደኝም። «ሆኽጌጺት» ያኔ ማንኛውም ታላቅ በዓል ነበር፤ ዛሬ «ሆኽጻይት» ሠርግ ብቻ ሆኗል። የጥንቱን ሰው በዛሬው ትርጉም ካነበብሽ በየገጹ ያላገባውን ትድሪያለሽ።

አባ መላ፦
ልጄ፣ ቋንቋውስ መልካም፤ እንጀራውስ? ከሒሳብ አያያዝ ወይም ከምህንድስና ጋር ሁለት ሜጀር አድርጊው። የጀርመን መኪና አምራቾቹ ቢኤምደብሊው ደቡብ ካሮላይና ስፓርታንበርግ፣ ፎልክስዋገን ቴኔሲ ቻተኑጋ ፋብሪካ አላቸው። ጀርመንኛ ብቻውን ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም።

የሌሊት ፈረቃ፦
አባ መላ፣ አባቴም ቃል በቃል ይህንኑ ነው የሚሉኝ፤ ተማክራችኋል እንዴ? ሒሳብ አያያዙን እያሰብኩበት ነው።

የምደባ ፈተናውን ትናንት ከሥራ እንደወጣሁ፣ ሳልተኛ ተፈተንሁ። የጽሑፉ ጥያቄ «ትምህርትሽን ማን ከፈለልሽ?» የሚል ነበር። የእናቴን ዕቁብ ልጽፍ ስል በጀርመንኛ የሚተካው ቃል አጣሁ፤ ሰዎች በየወሩ ገንዘብ አዋጥተው ዕጣ ለወጣለት የሚሰጡበት ብዬ በአራት መስመር አብራራሁት፤ ግሦቹን ሁሉ ወደ መጨረሻ እየላክሁ። አምስተኛው ሴሚስተር ላይ መድበውኛል። መምህርቷ ወረቀቱን ስትመልስልኝ ጀርመንኛዬን ትታ ስለ ዕቁብ ነው የጠየቀችኝ፦ «ዕጣው የወጣለት ሰው ከዚያ በኋላ መክፈል ቢያቆምስ?»

ስለ ወደ ኋላው ክሬዲት ጠየቅሁ፤ አለ። ቢ ማምጣት አለብኝ።