ያገለገለ ሶኒ ኤኤክስ53 ቪዲዮ ካሜራ ልገዛ ነው፤ የያዛችሁ ሰዎች ምን ትላላችሁ?

ናቲ ቀረጻ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሶኒ ኤፍዲአር-ኤኤክስ53 ሃንዲካም፣ ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ አግኝቻለሁ። ሻጩ ሁለት ባትሪ፣ ቻርጀርና አንድ 64 ጊጋ ሚሞሪ ይጨምርልኛል። የምፈልገው ለሰርግ፣ ለምርቃትና ለቤተ ክርስቲያን በዓላት ነው። አብዛኛው ሥራ ደጅ ነው፤ ማታ ማታ ግን አዳራሽ አለ። ከደህና ስልክ በምን ይበልጣል? ምኑ ላይ ይደክማል? ስረከበው ምን ልፈትሽ? ድምፅ ከአዳራሹ ሚክሰር በቀጥታ ማስገባት ይቻላል ወይ? ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው፤ 4ኬውን ይችለዋል?

ባለትራይፖዱ፦ ናቲ፣ ካሜራው በ2016 የወጣ ነው፤ ዕድሜው ግን አያስፈራህ። የሚገዛው ለሁለት ነገር ነው፦ ለዙሙና ለአለመንቀጥቀጡ። ኦፕቲካል ዙሙ 20 እጥፍ ነው፤ ከ26.8 ሚሊ ሜትር ተነስቶ 536 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ጥምቀት ላይ ከሕዝቡ ኋላ ቆመህ የካህናቱን ፊት ጥርት አድርገህ ታመጣለህ። ስልክ እዚያ ርቀት ላይ የሚያደርገው ምስሉን ቆርጦ ማስፋት ብቻ ነው።

መንቀጥቀጡን የሚያጠፋው ሶኒ ቦስ የሚለው ዘዴ ነው። ሌንሱና ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ቺፕ) ተያይዘው እንደ አንድ አካል ይንሳፈፋሉ፤ ስለዚህ በእጅ ይዘህ ረጅም ዙም ላይ እንኳ ምስሉ አይረበሽም። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ኢንተለጀንት አክቲቭ» የሚለው ተጨማሪ ማረጋጊያ የሚሠራው በኤችዲ ብቻ ነው፤ 4ኬ ላይ «አክቲቭ» ነው ያለህ፣ እየተራመዱ ለመቅረጽ ይህ በቂ አይደለም። ትራይፖድ ላይ ስታወጣው ደግሞ ስቴዲሾቱን (ይህንኑ ማረጋጊያ) አጥፋ። ካልጠፋ ካሜራውን ስታዞር ምስሉ ዘግይቶ ይነሳል፣ ስታቆም ደግሞ ትንሽ ይንሸራተታል። ብዙ ሰው የትራይፖዱ ጥፋት እየመሰለው ትራይፖድ ይቀይራል።

ሌላው ጥሩ ጎኑ፣ እንደ ብዙዎቹ የቆዩ የፎቶ ካሜራዎች 30 ደቂቃ ሳይሞላ ራሱ አይቆምም። ሚሞሪና ኃይል እስካለው ይቀርጻል። ለማኅሌትና ለቅዳሴ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ድክመቱን ልንገርህ፦ አይሪስን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) እና ሻተርን (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) በአንድ ጊዜ በእጅህ መያዝ አትችልም፤ አንዱን ስትይዝ ሌላውን ካሜራው ራሱ ያስተካክላል። የማኑዋል ቀለበቱም አንድ ብቻ ነው፤ ለፎከስ ከሰጠኸው ለብርሃን አይሆንም። ነጭ ነጠላና የሙሽራ ቬሎ ፀሐይ ላይ ሲሆኑ ያነጣቸውና ጥልፉ ይጠፋል። ዚብራውን (በጣም የነጣውን ቦታ በመስመር የሚያሳየውን) ክፈት፤ መስመሮቹ ልብሱ ላይ ከበዙ «ኤኢ ሺፍት»ን (የብርሃን ማስተካከያውን) ወደ ማይነስ ቀንስ። የጠቆረ ፊት ኤዲት ላይ ይነሳል፣ የነጣ ጥልፍ ግን አይመለስም።

ጋሽ መብራት፦ ስለ ማታው እውነቱን እንነጋገር። ሴንሰሩ 1/2.5 ኢንች ነው፤ ትንሽ ነው። ሌንሱ ሰፊው ጫፍ ላይ ኤፍ 2.0፣ ሙሉ ዙም ላይ ኤፍ 3.8 ነው። ዙም ስታደርግ የሚገባው ብርሃን ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ካሜራው ጉድለቱን በጌን (ሲግናሉን በማጉላት) ይሞላና ጥቁሩ ቦታ ሁሉ ይርመሰመሳል፤ ከዚያ የሶኒ የርምስምስ ማጽጃ (ኖይዝ ሪዳክሽን) ገብቶ ፊቱን እንደ ሰም ያለሰልሰዋል። ስለዚህ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ቆሞ ዙም ማድረግ ይቅርብህ፤ ዙሙን ወደ ሰፊው መልሰህ በእግርህ ቅረብ።

መብራት ያስፈልግሃል። ካሜራው ላይ የሚሰካ ኤልኢዲ ከሆነ ከ2 ሜትር ወደ 4 ሜትር ስትርቅ ብርሃኑ ሩብ ይሆናል፤ ጥቅሙ ለቅርብ ፊት ብቻ ነው። ለጭፈራው ሁለት መብራት በረጅም ማቆሚያ በመድረኩ ግራና ቀኝ፣ ከሰው ራስ በላይ አቁም። «ሎው ሉክስ»ን አትንካው፤ ሻተሩን ዝቅ ያደርግና እስክስታው ሁሉ ይዘባረቃል። ናይትሾትም ኢንፍራሬድ ነው፤ አረንጓዴ ምስል ነው የሚሰጥህ፣ ለሰርግ አይሆንም።

ጨለማ ውስጥ አውቶ ፎከሱ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ንግግር ወይም ቃል ኪዳን ላይ ከሆንክ ስክሪኑን ነክተህ «ስፖት ፎከስ» ስጠው፤ ወይም ወደ ማኑዋል ቀይረህ ሙሉ ዙም ላይ ዓይን ላይ አስተካክልና ዙሙን መልስ። ፒኪንግ (ጥርት ያለውን ጠርዝ በቀለም የሚያሳየው) ያግዝሃል።

ሀምሳ ኸርዝ፦ ከአሜሪካ የመጣ ካልክ ከሁሉ በፊት ይህን ስማ። የአሜሪካው ካሜራ 4ኬን በሴኮንድ በ30 ወይም በ24 ፍሬም (ምስል)፣ ኤችዲን በ60 ይቀርጻል። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣው በ25ና በ50 ነው። በዚህ ሞዴል አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር ሜኑ የለም፤ «በሶፍትዌር እንቀይርልሃለን» የሚልህን አትመን።

ችግሩ የት ይመጣል? የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ካሜራው በራሱ 1/60 ሻተር ከያዘ ከዚያ ጋር አይገጥምምና በፍሎረሰንትና በርካሽ ኤልኢዲ ሥር ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል። መፍትሔው ሻተር ስፒድን ማኑዋል አድርጎ 1/100 ላይ ማቆም ነው። ዋጋው ግን አለ፦ ከ1/60 ወደ 1/100 ስትሄድ ብርሃኑ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል፤ ጋሽ መብራት ያሉት ችግር ይባባሳል ማለት ነው። ፀሐይ ላይ ይህ ሁሉ የለም።

ናቲ ቀረጻ፦ ሜኑውን ከፍቼ አየሁት፤ 30ፒና 24ፒ ይላል። ታዲያ ልተወው?

ሀምሳ ኸርዝ፦ ብቻህን የምትቀርጽ ከሆነ አትተወው፤ በ30 ቀርጸህ በ30 ታወጣለህ፣ ዩቲዩብም ስልክም ያጫውተዋል። በ25 ከሚቀርጽ ሌላ ካሜራማን ጋር እያጣመርክ የምትሠራ ከሆነ ግን ተወው። አንድ ታይምላይን (የኤዲት መደርደሪያ መስመር) ላይ ስትቀላቅላቸው የአንዱ እንቅስቃሴ ይቆራረጣል፤ ለዚያ ከባህረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣውን ጠብቅ።

አንድ ኢንች፦ እኔ ደግሞ ገንዘቡ ከደረሰ ኤኤክስ100ን ተመልከት እላለሁ። ሴንሰሩ 1 ኢንች ነው፤ የማታ ምስሉ አይወዳደርም። በዚያ ላይ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) አብሮት አለ፤ 53ቱ የለውም። ቀትር ላይ ኤንዲ ከሌለህ ካሜራው ሻተሩን ከፍ እያደረገ እንቅስቃሴውን የተቆራረጠ ያስመስለዋል። 53ቱን ከገዛህ ቢያንስ 55 ሚሊ ሜትር የሚሽከረከር ኤንዲ ግዛለት፤ የፊቱ ጥርስ ልክ 55 ነው።

ባለትራይፖዱ፦ እውነት ነው፤ ግን የ100ው ዙም 12 እጥፍ ነው፣ ቦስም የለውም። 4ኬ ላይ በእጅ ይዞ መቅረጽ ይከብዳል። የናቲ ሥራ አብዛኛው በቀን፣ ደጅ፣ ከሩቅ ነው ካለ 53ቱ ይሻለዋል። ሥራው ወደ አዳራሽ ካደላ አንተ ትክክል ነህ። ኤኤክስ43 የሚያቀርብለት ሰው ካለ ደግሞ ቪውፋይንደር እንደሌለው ይወቅ፤ ፀሐይ ላይ ስክሪን አይታይም፣ ዓይንህን የምታሳርፍበት ያስፈልጋል።

ሽቦ፦ ስለ ድምፁ። ካሜራው 3.5 ሚሊ የማይክ መግቢያና የሄድፎን መውጫ አለው፤ ብዙ የዚህ ዋጋ ካሜራ ሄድፎን የለውም፤ ስለዚህ ሳያዳምጡ መቅረጽ ምክንያት የለውም። ሚክሰሩን ግን እንዲሁ አትሰካው። ከሚክሰር የሚወጣው ላይን ሲግናል ነው፤ የካሜራው መግቢያ የሚጠብቀው በመቶ እጥፍ ገደማ ያነሰ የማይክ ሲግናል ነው። «ኦዲዮ ሬክ ሌቭል»ን ዝቅ ብታደርገውም መግቢያው ላይ የተበላሸ ድምፅ አይድንም፤ ዝቅ ያለ ግን የተሰነጠቀ ድምፅ ነው የሚቀረጸው። በመሀል 40 ዲሲቤል የሚቀንስ ገመድ ወይም መቀነሻ አስገባ።

ሁለተኛው ወጥመድ ገመዱ ራሱ ነው። ከሚክሰሩ ኤክስኤልአር መውጫ ወደ 3.5 ስቴሪዮ ተራ ገመድ ከሰካህ ፒን 2 ወደ ግራ፣ ፒን 3 ወደ ቀኝ ይገባል። ሁለቱ ተመሳሳይ ድምፅ ሆነው አቅጣጫቸው የተገለበጠ ነው። ሄድፎን ላይ ጥሩ ይመስላል፤ አንድ ስፒከር ባለው ስልክ ሲጫወት ግን ግራና ቀኙ ይጠፋፉና የቄሱ ድምፅ ይሰወራል። አስቀድመህ ገመዱን አሠራ፦ ፒን 2 ወደ ግራም ወደ ቀኝም፣ ፒን 1 ወደ መሬት፣ ፒን 3 ምንም ሳይነካ ይቅር። ሚክሰሩ ፋንተም ፓወር (በገመዱ ለማይክ የሚላክ ኤሌክትሪክ) ካለው ከማይክ መግቢያው ሳይሆን ከመውጫው መውሰድህን አረጋግጥ። እኔ ብሆን ለብቻው የሚቀርጽ ትንሽ መቅረጫ ሚክሰሩ ላይ ትቼ፣ የካሜራውን ማይክ ለማመሳሰያ ብቻ እጠቀምበታለሁ። ሲጀመር አንድ ጭብጨባ ይበቃል።

ደጅ ከሆንክ የፀጉር ሽፋን ያለው ማይክ ግዛ፤ «አውቶ ዊንድ» የሚለው የነፋሱን ጉምጉምታ ሲቆርጥ የከበሮውንም ዝቅተኛ ድምፅ ይወስደዋል።

ፋይል ጠባቂ፦ ሚሞሪው ላይ አትቆጥብ። 4ኬን በ100 ሜጋቢት ለመቅረጽ ዩ3 የተጻፈበት ኤስዲ ካርድ ይፈልጋል፤ ያ ካልሆነ ምርጫውን አይፈቅድልህም። 64 ጊጋው በ100 ሜጋቢት 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ በ60 ደግሞ 2 ሰዓት ገደማ ነው የሚይዘው። ለሙሉ ቀን ሰርግ 128 ጊጋ ሁለት ያዝ፤ መግቢያው አንድ ብቻ ነው፣ ሁለት ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ መቅረጽ የለም። ይህም በክፍያ ለሚቀርጽ ሰው ዋና ጉድለቱ ነው።

ገበያ ላይ አቅማቸው ውሸት የሆነ ካርዶች አሉ፤ 128 ይልና ውስጡ 16 ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚገባው ሁሉ ይበላሻል። ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ሞልተህ አስፈትሸው። ፎርማት ሁልጊዜ በካሜራው ውስጥ ይሁን፤ ፋይል በኮምፒውተር ከሰረዝክ «ዳታቤዙ ተበላሽቷል» ብሎ እንዲጠገን ይጠይቅሃል። ስትገለብጥ ሙሉውን «ፕራይቬት» ፎልደር ውሰድ። የኤክስኤቪሲ ፋይሎች (4ኬ የሚቀረጽበት ዓይነት) «ኤም4ሩት» ውስጥ «ክሊፕ» በሚለው ናቸው። በኤቪሲኤችዲ (በቆየው የኤችዲ ፋይል ዓይነት) ከቀረጽክ ረጅሙ ቀረጻ በ2 ጊጋ በ2 ጊጋ ይቆራረጣል፤ አንድ በአንድ ታይምላይን ላይ ከጣልካቸው መጋጠሚያው ላይ ዜማው ይዘላል።

ባለትራይፖዱ፦ ስትረከብ እንዲህ ፈትሽ። ሌንሱን ሸፍነህ በ4ኬ አንድ ደቂቃ ቅረጽና በትልቅ ቲቪ እየው፤ የማይጠፋ ነጭ ወይም ቀይ ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ነው። ሌንሱ ውስጥ በስልክህ መብራት ከጎን አብራ፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ሻጋታ ነው፣ አትግዛው። ስክሪኑን እያዟዟርክ ምስሉ ብልጭ ካለ ውስጥ ያለው ሪባን (ጠፍጣፋ ገመድ) እየደከመ ነው። ሙሉ ዙም ላይ ስቴዲሾቱን አብርተህ አጥፍተህ ልዩነቱን እይ። ካሜራው ጠፍቶ ስታነቃንቀው ውስጡ «ቋ» ቢል አትደንግጥ፤ የሚንሳፈፈው ሌንስ ነው። የማይክና የኤችዲኤምአይ ሶኬቶቹን ገመድ ሰክተህ በቀስታ አወዛውዝ። ባትሪው እውነተኛ ከሆነ የቀረው ደቂቃ ይታያል፤ ካልታየ የሌላ አምራች ነው ብለህ ዋጋ ተደራደር።

ፋይል ጠባቂ፦ ስለ ላፕቶፑ ረስተነው። 8 ጊጋ ራም ዋናውን 4ኬ ፋይል እየጎተተ አይሠራም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ወይም ፕሪሚየር ውስጥ በ720 ፕሮክሲ (ቀለል ያለ ቅጂ) አሠርተህ በእሱ ቁረጥ፣ ስታወጣ ብቻ ወደ ዋናው ይመለሳል። ደንበኛው የሚቀበለው በኤችዲ ከሆነ ደግሞ በ4ኬ ቀርጸህ ኤችዲ ታይምላይን ላይ ስትጥለው ጥራት ሳይጠፋ እስከ 2 እጥፍ ማስጠጋት ትችላለህ፤ ለሥነ ሥርዓት አንድ ካሜራ ሁለት ያስመስላል።

ናቲ ቀረጻ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼም ሁላችሁም። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ቀጥታ ስርጭት ብፈልግስ?

ሽቦ፦ ይሆናል። መውጫው ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ነው፤ ደካማ ሶኬት ስለሆነ ገመዱን ትራይፖዱ ላይ እሰረው፣ በራሱ ክብደት እንዳይንጠለጠል። «ዲስፕሌይ አውትፑት»ን ኤልሲዲ ብቻ ካደረግከው ጽሑፍ የሌለበት ንጹሕ ምስል ይወጣል። «ፓወር ሴቭ»ን አጥፋ፤ ካልጠፋ ሳትቀርጽ ስታስተላልፍ መሀል ላይ ራሱ ይዘጋል። ከባትሪ ይልቅ አብሮት በሚመጣው አዳፕተር አሠራው፤ አዳፕተሩ ላይ 100–240 ቮልት መጻፉን እይና የአሜሪካውን ጠፍጣፋ መሰኪያ ብቻ ቀይርለት፣ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም።