መኪናዬ ጠዋት ጠዋት ካልተገፋች አትነሳም፤ ባትሪ ልቀይር?

ጥያቄ፦ ማንዋል ኮሮላ ናት። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር «ቀጭ» ብላ ዝም ትላለች፤ የሰፈር ልጆች ሲገፏት ትነሳለች። ባትሪ ልግዛ ወይስ ዲናሞው (ባትሪውን የሚሞላው) ነው?

መልስ 1፦ ወንድም፣ ከመግዛትህ በፊት አስለካ። ጠፍታ ካደረች በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ጤነኛ ነው፤ 12.2 ከሆነ ባትሪው ግማሽ ባዶ ነው። ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካላሳየ ችግሩ ዲናሞው ወይም የላላ ቺንጋ (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ) ነው፤ አዲስ ባትሪ ብትገዛም ይወርድብሃል።

መልስ 2፦ መጀመሪያ የባትሪውን ጫፎች እይ። ብዙ ሰው ኮፈኑን የሚከፍተው መኪናው ሲቆምበት ብቻ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ብናኝ ካለ በ10 ቁጥር ቁልፍ ኔጌቲቩን አስቀድመህ ፍታ፣ በሙቅ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ እጠብ (ሶዳው ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ)፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍግ፤ ስታስር ኔጌቲቩ የመጨረሻ ይሁን። ውሃ የሚሞላ ዓይነት ከሆነ ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ጨምር። የቧንቧ ውሃ ማዕድኑ ይጎዳዋል፤ አሲድም አትጨምር።

መልስ 3፦ ግፊው ይቅርብህ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ገብቶ ካታላይዘሩን (የጭስ ማጣሪያውን) ይጎዳል። የማስነሻ ኬብል ግዛ፦ ቀዩን ከፖዘቲቭ ወደ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከደህናው ባትሪ ኔጌቲቭ ወደ አንተ ሞተር ባዶ ብረት። የደከመው ባትሪህ ላይ አታስረው፤ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ በብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል።