4 ፓኔል አለኝ፣ መብራት ሲጠፋ ቤቱን ይችልልኛል?

የልጆች_እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 400 ዋት 4 ፓኔል ተገዝቶ ተቀምጧል፣ ገና ጣሪያ ላይ አልወጣም። የኔ ጭንቀት ማታ መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ጥናት እንዳያቋርጡ ነው፣ ከተቻለ ደግሞ ፍሪጁ እንዳይቆም። ግራ የገባኝ ነገር አለ፣ አንድ የማውቀው ሰው ጣሪያው ሙሉ ሶላር ነው ግን መብራት ሲጠፋ የሱም ቤት አብሮ ድርግም ይላል፣ ያውም ፀሐይ ወጥታ! ታዲያ ምን ሊሰራልኝ ነው? ደሞ ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር አለ፣ እስከ ጠዋት 4 ሰዓት የአንዱን ፓኔል ጫፍ ጥላ ይይዘዋል። ትንሽ ናት ብዬ ልተዋት?

ሽቦ_ዘርጊ፦
እህቴ የሰውየው ብልሽት አይደለም። ባትሪ የሌለው ኦን ግሪድ ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር፣ ከዋናው መስመር ጋር ብቻ የሚሰራ መሣሪያ) ነው የገጠመው፣ እሱ ደግሞ ዋናው መስመር ሲቋረጥ ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ ነው የሚሰራው፣ አለበለዚያ ከጣሪያው የሚወጣው ኃይል ወደ መስመሩ ገብቶ እዛ የሚጠግነውን ሰራተኛ ሊገድል ይችላል። አንቺ የሚያስፈልግሽ ሃይብሪድ ኢንቨርተር፣ ማለትም መስመሩ ሲቋረጥም ከፓኔልና ከባትሪ ቤቱን የሚያበራው ዓይነት፣ እና ባትሪ ነው።
ከሁሉ በፊት ግን የቀን ፍጆታሽን ቁጠሪ፣ ብዙ ሰው ይሄን ዘሎ ነው ገንዘቡን የሚያቃጥለው። ለምሳሌ ፍሪጅ በቀን 1200 ዋት ሰዓት ብለን እንያዝ፣ ባለ 10 ዋት 8 አምፖል ለ5 ሰዓት 400፣ ቲቪ 500፣ ዋይፋይ ሌሊትም ስለማይጠፋ 240፣ ስልክና ላፕቶፕ 200፣ ጠቅላላ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። 4ቱ ፓኔል በ5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ የሚባክነው ሩብ ተቀንሶ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጡሻል። ስለዚህ ፓኔል አያንስሽም፣ ማታ የሚያኖርሽ ባትሪው ነው። ኢንቨርተር ስትመርጪ ፍሪጅ ሲነሳ ለቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ እንደሚስብ አስቢ።

ጣሪያ_ላይ፦
ጥላዋን በፍጹም እንዳትተዊያት!! ፓኔል ውስጥ ያሉት ሴሎች በተርታ ነው የተያያዙት፣ አንዱ ጥላ ሲያርፍበት ልክ እንደተረገጠ የውሃ ጎማ የሌሎቹንም ያፍናል። ባይፓስ ዳዮድ የሚባል፣ ጥላ ያረፈበትን ክፍል ዘሎ ኃይሉን የሚያሳልፍ ነገር አለ፣ አብዛኛው ፓኔል 3 አለው፣ ያም ሆኖ በትንሽ ጥላ የፓኔሉ ሲሶ ሊሄድ ይችላል። ፓኔሉን ማዛወር ነው የሚሻለው። ሲታሰርም ቆርቆሮው ላይ አታስለጥፉት፣ ከስሩ አየር ይለፍ፣ ምክንያቱም ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በያንዳንዱ ዲግሪ 0.3 እስከ 0.4 ፐርሰንት ይቀንሳል።

ባትሪ_የጨረሰኝ፦
እኔ ሊድ አሲድ (እንደ መኪና ባትሪ ያለውን) ባትሪ ገዝቼ በየማታው እስኪያልቅ ስጠቀምበት ዓመት ሳይሞላው ሞተብኝ፣ ለካ ከግማሽ በታች ማውረድ አልነበረብኝም፣ የነገረኝም የለም። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ባትሪ ግን 80 ፐርሰንቱን ብትጠቀሚም በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይሞላል። መጀመሪያ ላይ ውድ ነው ግን ሁለቴ ከመግዛት ይሻላል። ደሞ አደራ፣ ከፓኔል የሚመጣው ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ስለሆነ ተራ የቤት ብሬከር እንዳይገጥሙልሽ፣ የዲሲ ብልጭታ በቀላሉ አይጠፋም፣ ቤት ያቃጥላል። ባትሪው አጠገብም ፊውዝ ይኑር።

የልጆች_እናት፦
ተባረኩ፣ ፓኔሉን አዛውረዋለሁ። ፍሪጁ ስንት እንደሚበላ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ መለኪያ ተውሼ ዛሬ ለ1 ሰዓት ልየው። የኤሌክትሪክ ምድጃስ ይጨመር?

ሽቦ_ዘርጊ፦
ምድጃውን ተዪው፣ 2000 ዋት ምድጃ በ1 ሰዓት ብቻ የሙሉ ቀን ፍጆታሽን ሊደርስ ምንም አይቀረውም። መለኪያውን ደግሞ ሙሉ 24 ሰዓት ተዪው፣ ፍሪጅ እየተነሳ እየቆመ ስለሚሰራ የ1 ሰዓቱ ያሳስትሻል። ቁጥሩን አምጪውና ባትሪውን አብረን እናስላለን።