የአባቴ የማዳበሪያ ድጎማ አልተለቀቀም፣ ማን ጋ ነው የሚኬደው?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። አባቴ ምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ነው። ድጎማው አልተለቀቀለትም። ዛሬ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ማኅበሩ መጋዘን ተሰልፎ ሲደርሰው «ስምህ ዝርዝሩ ላይ የለም» ብለው መለሱት። ዝናቡ ይዟል፣ ጎረቤቶቹ በቆሎ ዘርተው ጨርሰዋል። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ሥራ ጥዬ መሄድ አልችልም። ብሩ የሚለቀቀው በማን በኩል ነው?

የደጀን ልጅ፦ የቱ ብር? የማዳበሪያ ድጎማ እኮ ለገበሬው በእጁ አይሰጥም። መንግሥት ከዋጋው ላይ የተወሰነውን ይሸፍናል፣ ገበሬው የቀረውን ከፍሎ ማዳበሪያውን ይወስዳል። አባትህ ከፍለዋል ወይስ አልከፈሉም? ዋናውን ነገር ዘለልከው።

በረንዳ ገበሬ፦ በእጅ ቢሰጥማ እኔም ኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ በሬ እጠምድ ነበር 😂

አፈር ወዳድ፦ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ማዳበሪያው በጂቡቲ ወደብ በዶላር ነው የሚገባው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህማ ያለ ድጎማ አይቀመስም። ግን የጎጃም መሬት ብዙው አሲዳማ ሆኗል። ኖራ ካልተደረገበት ማዳበሪያ ብታፈስበትም ሰብሉ በደንብ አይጠቀምበትም። ኮምፖስትም ረስተናል። ድሮ ዳፕ የሚባል ማዳበሪያ ነበር፣ አሁን ኤንፒኤስ የሚሉት መጣ፣ ነገ ደግሞ...

ጠያቂ፦ ጋሼ ኖራው ይቆየን፣ ሰውዬው መጋዘኑ በር ላይ ቆሟል! ከፍሏል። ሚያዝያ ላይ እኔ ነኝ ብሩን የላክሁለት። የባንክ ደረሰኝ በእጁ ነው፣ ሁለት ከረጢት ኤንፒኤስ፣ ሁለት ዩሪያ።

እማዋይሽ፦ የቀበሌዋ ልማት ሠራተኛ ጋ ይሂዱ። በመሬታቸው ልክ የመዘገበችው እሷ ናት።

ቢቸና፦ ልማት ሠራተኛዋ ጋ ይሂዱ።

እማዋይሽ፦ ከላይ ተናገርኩ እኮ።

ቢቸና፦ ቢሆንም ይሂዱ።

የድሮ መጋዘን፦ እኔ ማኅበር ውስጥ ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። የአባትህ ስም በ«ሀ» ይጀምራል? ዝርዝሩ በኮምፒውተር ተደርድሮ ነው የሚመጣው። በሃሌታው ሀ ከሆነ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ጸሐፊው በብዙኃኑ ኀ ከጻፈው ግን ወደ ኋላ ሄዶ ከ«ነ» ፊት ይገባል። ሰልፍ ሲበዛ ማንም ገጽ አይገልጥም፣ «የለም» ብሎ ይሸኛል። እዚያ ይፈለግላቸው። ደግሞ ዋናውን ደረሰኝ ለማንም እንዳይሰጡ፣ «እኔ ልጨርስልህ» የሚል አይጠፋም። ኤንፒኤሱን ብቻ እንኳ ቢያገኙ ይዝሩ፣ እሱ ከዘር ጋር ነው የሚገባው። ዩሪያው ቡቃያው ከፍ ሲል ይደርሳል።

ጠያቂ፦ ኃይለማርያም ነው ስሙ!! ቆይ ልደውልለት።

ጠያቂ፦ ስልኩ ዝግ ነው። ኔትወርክ ይሆናል።

በረንዳ ገበሬ፦ ፊደል የቆጠርነው ለዚህ ነበር እንዴ 😂

የደጀን ልጅ፦ (ከአራት ቀን በኋላ) ወንድም፣ ምን ተገኘ? አባትህ ዘሩ?

አዲስ አባል፦ የኔም አጎት ስሙ የለም ተብሏል። ሀብታሙ ነው። ሦስቱንም ሀ አዟዙረን አየን፣ የለም።

ቢቸና፦ ልማት ሠራተኛዋ ጋ ይሂዱ።