«ጉጉት» ብለን ስንጽፍ ምን ይነበባል? በእንስሳት ሥዕል ሥር ስለሚጻፉ ቃላት

ጥያቄ (ከሐዋሳ)

የተከበራችሁ አባላት፣ ታናሽ ወንድሜ የዱር እንስሳትን በዘይት ቀለም ይሥላል፤ ከየሥዕሉ ሥር የሚለጠፈውን አጭር ጽሑፍ የማዘጋጀው ደግሞ እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ሥዕሎቹን ሐይቁ ዳር ደርድረን ለመንገደኛ ስናሳይ፣ አንድ አዛውንት ከጉጉቷ ሥዕል ፊት ቆሙና «ጉጉት፤ የጥበብ ተምሳሌት» የሚለውን ጽሑፌን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ከዚያም «ልጄ፣ እናቴ ጉጉት ጣሪያችን ላይ በጮኸች ቁጥር ስታማትብ ነበር የምታድረው፤ ይህን ጥበብ ከየት አመጣችሁት?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ተማሪ ያንኑ ቃል የመጓጓት ስም አድርጋ አነበበችውና ወፏ ምን እንዳጓጓት ጠየቀችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ጽሑፍ እየጠረጠርሁ ነው። ተምሳሌት፣ ምሳሌ፣ ምልክትና አርማ የምንላቸው ቃላት በምን ይለያያሉ? አርዕስቱስ «የዱር እንስሳት» ይባል ወይስ «አራዊት»? ከሁሉም በላይ የከበደኝ ወንድሜ ብዙ የደከመበት የአባ ኮዳ፣ የዚያ ትልቅ ወፍ፣ ሥዕል ነው፤ አባ ኮዳ የምን ተምሳሌት ነው ብዬ ልጻፍ?

መልስ (ከሐዋሳ)

እኅቴ፣ አዛውንቱም ተማሪዋም ልክ ናቸው፤ ስለዚህ ከእነርሱ ልጀምር። ጉጉትን ከጥበብ ጋር ያቆራኙት የጥንት ግሪኮች ናቸው። አቴና የምትባለው የጥበብ አምላካቸው ወፍ ጉጉት ነበረች፤ የአቴና ከተማም ምስሏን በብር ገንዘቧ ላይ ታትመው ነበር። ይህ ትርጉም በአውሮፓ ትምህርትና መጽሐፍ በኩል ዞሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ወፏን ብቻ ሳይሆን መነጽር የደፋችውን ጉጉት ሳይቀር ይዞ መጣ። በእኛ ልማድ ግን በሌሊት የምትጮኸው ጉጉት የምልኪ ወፍ ናት። ምልኪ ማለት አንድ ድምፅ ወይም አንድ አጋጣሚ ወደፊት ለሚመጣ ነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ለክፉ ነገር፣ እንደ ማስጠንቀቂያ ሲቆጠር ነው። እንግዲህ ጽሑፍዎ የእኛን ተመልካች በእናቱ ቤት ከሰማው ጋር አጋጨው ማለት ነው።

በመጽሐፍ ቅዱሳችን ጥበብን ከእንስሳ ተማሩ የተባለበትን ቦታ ብንፈልግ ደግሞ የምናገኘው ጉጉትን አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ ታካቹን ሰው ወደ ገብረ ጉንዳን ሄዶ፣ መንገዷን አይቶ ጠቢብ እንዲሆን ይመክረዋል፤ ወንጌል ደግሞ ልባምነትን ለእባብ፣ የዋህነትን ለርግብ ይሰጣል። በተረታችን አዋቂዋ ጦጣ ናት፤ ነገር ግን የእመት ጦጢት ነገር ብልጠት እንጂ ጥበብ አይባልም፤ ሁለቱን ቃላት አንድ ማድረግም ሌላ ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ ልግባ። «ተምሳሌት» እና «ምሳሌ» ሁለቱም «መሰለ» ከሚለው ግሥ የወጡ ናቸው፤ «ምስል» እና «አምሳል»ም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ስለዚህ አንድ እንስሳ የአንድ ነገር ተምሳሌት ነው ለማለት በሁለቱ መካከል ሰው ሊያየው የሚችል መመሳሰል ሊኖር ይገባል፤ ጉንዳን በበጋ ሰብስባ ስለምታስቀምጥ የትጉህ ሰው ተምሳሌት ብትባል መመሳሰሉ ከሥራዋ ይገኛል። ምልኪ ግን መመሳሰልን አይጠይቅም፤ ጉጉት ሞትን አትመስልም፤ በሌሊት ጮኸች፣ በማግሥቱ መርዶ መጣ፣ ሰውም ሁለቱን አያያዛቸው። «ምልክት» ከሁሉም ሰፊው ቃል ሲሆን «አመለከተ» ከሚለው ስለወጣ የሚያሳይና የሚጠቁም ነገር ሁሉ ይጠቃለልበታል። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ላይ ያሉ ሰዎች «ትእምርት» የሚለውን የግእዝ ቃል ይመርጣሉ፤ ጥሩ ቃል ነው፤ ይሁንና ሐይቅ ዳር ለሚዝናና መንገደኛ በሥዕል ሥር አልጽፈውም።

አርማ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ሰው በውሳኔ የሚቀበለው በመሆኑ ነው። አንበሳን እንውሰድ። ዘውድ የደፋው አንበሳ ከ«ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ጋር የዘውዱ መንግሥት አርማ ነበር፤ ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ሲወድቅ ዘውዱ ቀረ፤ የአንበሳው ራስ ግን ዛሬም በሳንቲሞቻችን ላይ አለ። አርማ በአዋጅ ይመጣል፣ በአዋጅም ይነሣል። የምሳሌያዊ አነጋገሩ አንበሳ ግን ማንም አውጆት አያውቅም፤ እንዲያውም አርማው ከሚለው ጋር አይስማማም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል አንበሳው የሚታሰር ነው፤ «አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል» ሲባል ደግሞ የሚያሳዝን ነው። አርማው አንበሳውን ያነግሠዋል፤ ተረትና ምሳሌው ይፈትነዋል። ስለዚህ ወንድምዎ የሣለው አንበሳ ያረጀና ጎፈሩ የሳሳ ከሆነ፣ «የጀግንነት ተምሳሌት» ብሎ መጻፍ ሥዕሉን አለማየት ነው። (በነገራችን ላይ «ጎፈር» የአንበሳው የአንገት ጠጉር ነው፤ ጀግና በራሱ ላይ የሚደፋውም በዚሁ ስም ይጠራል፤ የጠጉራችን «ጎፈሬ»ም የዚሁ ዘመድ ነው።)

ስለ ቁራም አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ሥዕልና ፈሊጥ እንዲህ ተጣብቀው የሚገኙበት ቦታ ጥቂት ነው። «የቁራ መልእክተኛ» የምንለው ተልኮ የቀረን ሰው ነው። ነገሩ የመጣው ከኖኅ መርከብ ነው፤ ቁራው ተልኮ ወጣ፣ ወደ መርከቡ ግን አልተመለሰም፤ ርግቧ ግን የወይራ ቅጠል በአፏ ይዛ ተመለሰች። አንድ ሠዓሊ ባዶ ሰማይ ላይ አንዲት ቁራ ብቻ ቢሥል፣ አማርኛ ተናጋሪ ተመልካች ጽሑፍ ሳያስፈልገው የሚጠበቀውንና ያልመጣውን ሰው ሊያስብ ይችላል። እንዲህ ያለውን ትርጉም ከሌላ አገር መዋስ አያስፈልግም።

ቀይ ቀበሮን ከሣለ ደግሞ «ተንኮል» የሚል ቃል አጠገቡ እንዳያስቀምጡ እለምናለሁ። ስሙ ቀበሮ ይበለው እንጂ በዘሩ ከተኩላ ወገን ነው፤ አብዛኛው የቀረው በባሌ ተራሮች ሲሆን አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም። ኑሮውም ፍልፈል በማደን ነው። የቀበሮ ተንኮል የስሙ ዕዳ እንጂ የእንስሳው ጠባይ አይደለም።

አባ ኮዳ ላይ ስንደርስ ጉዳዩ ይጣፍጣል። ብዙ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ራሱ ተመልጦ፣ ክንፉን እንደ ካባ ጥሎ ሲቆም ያየውን ይህን ወፍ «አባ» የተባለው መነኩሴ ስለሚመስል ይመስለዋል። እኔ ግን እንዲህ አላነበውም። በአማርኛ «አባ» ከስም በፊት ገብቶ «ባለ» የሚለውን ትርጉም የሚሰጥበት ሰፊ አጠቃቀም አለ፤ ጠጉራሙን ትል አባ ጨጓሬ እንለዋለን፤ የነገሥታቱ የፈረስ ስሞች፣ የቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ የምኒልክ አባ ዳኘው፣ ከምንኩስና ጋር አይገናኙም። አባ ኮዳም እንዲሁ ባለ ኮዳው ማለት ነው፤ ኮዳው ደግሞ ወታደር ውኃ እንደሚይዝበት ዕቃ ከአንገቱ የሚንጠለጠለው ቀይ ከረጢት ነው። የሚገርመው፣ ፈረንጆቹ የሚጠሩበት «ማራቡ» የሚለው ስም በፈረንሳይኛ በኩል «ሙራቢጥ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ መሆኑ ነው፤ ትርጉሙም ለአምልኮ የተለየ ሰው ማለት ነው። መነኩሴው በእነርሱ ስም ውስጥ አለ፤ በእኛ ስም ውስጥ ያለው ኮዳው ነው። «አባ ኮዳ፤ የምነና ተምሳሌት» ብለው ቢጽፉ የእነርሱን ስም በእኛ ፊደል ጻፉ ማለት ነው።

ለወንድምዎ ደግሞ አንድ መልእክት አለኝ። ማለዳ ወደ አሞራ ገደል ሄዶ አንዱን አባ ኮዳ ከእግሩ ጀምሮ ይመልከተው። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ እየቀደዱ አንጀቱን ሲጥሉላቸው፣ እስከ ሰው ደረት የሚደርሱት ወፎች ክንድ ያህል ርቀት ድረስ ይቀርባሉ። እግራቸው ነጭ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ቀለሙ ጠቆር ያለ ነው፤ ነጩ ሰውነታቸውን ለማቀዝቀዝ በራሳቸው እግር ላይ የሚጥሉት ኩስ ነው። ሲደርቅ እንደ ኖራ ይሰነጣጠቅና በስንጥቁ መካከል ጥቁሩ ቆዳ ይታያል። ከረጢቱንም ብዙዎች የምግብ ማጠራቀሚያ አድርገው ይሥሉታል፤ ምግብ ግን አያጠራቅምበትም።

«አራዊት» ወይስ «የዱር እንስሳት» ለሚለው፣ በመጽሐፍ ልማድ እንስሳ የሚባለው ለማዳው፣ አውሬ የሚባለው የዱሩ ነው፤ ኦሪት ዘፍጥረትም ሁለቱን ለያይቶ ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ ለእኔ «አራዊት» ይሻላል።

አስተያየት (ከአዳማ)

መምህር፣ በብዙው እስማማለሁ፤ በመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ላይ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም። ኅዳር 8 የምናከብራቸው አርባዕቱ እንስሳ ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላሕምና ገጸ ንስር ናቸው። አንበሳና ንስር በምን ለማዳ ሆኑ? ሰውስ? እዚህ «እንስሳ» ሕያው ፍጡርን ሁሉ የሚይዝ ቃል ነው። በአንጻሩ «አውሬ» ዛሬ ጨካኝ ሰው የሚሰደብበት ቃል ሆኗል፤ በጥበቃ ሥራ ላይ ያሉትም «የዱር እንስሳት» ማለታቸው ፍጥረቱን ከዚህ ስድብ ስለሚያርቅለት መልካም ነው እላለሁ።

ደግሞም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያስተምረን ሌላ ነገር አለ። እኛ ከአዳማ ለጥቅምት 5 እና ለመጋቢት 5 ወደ ዝቋላ እንወጣለን፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ያየ ሁሉ በግራና በቀኛቸው የቆሙትን አንበሶችና ነብሮች ያውቃል። በገድላቸው 60 አንበሳና 60 ነብር ይከተሏቸው ነበር ይባላል። እነዚያን ነብሮች የቁጣ ተምሳሌት፣ አንበሶቹን የኃይል ተምሳሌት ብሎ የሚፈታ ሰው ሥዕሉን ያበላሸዋል። በዚያ ሥዕል ውስጥ እንስሳቱ የታሪኩ ሰዎች ናቸው፤ የጻድቁ ባልንጀሮች ናቸው፤ እንደ ሌላው ባለታሪክ ቦታ አላቸው እንጂ ሌላ ነገርን ወክለው አልቆሙም። ተምሳሌት የሚለውን ቃል ከመጻፋችን በፊት እንስሳው በሥዕሉ ውስጥ ራሱ ባለታሪክ መሆን አለመሆኑን ብንጠይቅ ይሻላል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ የፊደል ነገር፦ በብዙ ማስታወቂያ ላይ «ሰአሊ» ተብሎ ይጻፋል። ሥዕል የሚሥለው በንጉሡ «ሠ» እና በዐይኑ «ዐ» ሠዓሊ ነው፤ «ሰአሊ ለነ» ስንል ግን ለምኝልን ማለታችን ነው።

መልስ (ከሐዋሳ)

ስለ አርባዕቱ እንስሳ የተሰጠውን እርምት ተቀብያለሁ፤ «የዱር እንስሳት» ይባል። ስለ ባለታሪክነቱ የተነገረውም እኔ ከዘረዘርሁት ሁሉ የበለጠ ለጠያቂዋ ይጠቅማል።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማለዳ ከወንድሜ ጋር ዓሣ ማስገሪያው ዘንድ ሄደን ነበር። አንድ አባ ኮዳ አጠገባችን ሲቆም ወንድሜ ቁጢጥ ብሎ እግሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ የተሰነጠቀው ነጭና ከሥሩ ያለው ጥቁር ልክ እንደተባለው ነበር። ቤት ስንመለስ ሸራው ላይ ያለውን ነጭ እግር በቢላዋ ፍቆ እንደገና ጀመረው። እኔም ጽሑፎቹን ሁሉ አንሥቼ ከሁለቱ በቀር አሳጥሬያቸዋለሁ። የጉጉቷ አሁን «ሌሊት የምትበር ጉጉት» ይላል፤ ተማሪዋ ከመጓጓት ጋር አታሳስተውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የአባ ኮዳው ደግሞ «አባ ኮዳ፣ ዓሣ ተራ፣ ማለዳ» ብቻ ነው። የቀረችኝ የቁራዋ ሥዕል ናት፤ «የቁራ መልእክተኛ» ብዬ ልጻፍባት ወይስ ያለ ጽሑፍ ትቅር በሚለው ላይ ሐሳባችሁን እጠብቃለሁ።