ልዕለ ጀግና ፊልም ላይ የፍቅር ታሪክ የግድ ነው ወይ?

ባለስክሪፕቱ
የ120 ገጽ ስክሪፕት ነው፣ ሁለተኛ ረቂቅ። ጀግናዋ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት፤ ኃይል እንዳላት ማንም አያውቅም። ከአንድ የአምቡላንስ ሾፌር ጋር ፍቅር ይይዛታል፤ ስድስት ትዕይንት፣ በድምሩ 17 ገጽ። ካነበቡት ግማሾቹ «ታሪኩን ያንቀራፍፈዋል፣ ይውጣ» ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ «ያለ እሱ ይደርቃል» ባዮች ናቸው። ከግል ምርጫ ያለፈ መለኪያ አለ? ከወጣስ ቦታውን ምን ይሙላው?

ሴራ ፈቺ
መለኪያ አለ። ፍቅሩን የሚነካውን መስመር ሁሉ በአንድ ቀለም አስምርበት። ከዚያ ቀለም ያለበትን እየዘለልክ ስክሪፕቱን ከዳር እስከ ዳር አንብበው። ጡዘቱ (ግጭቱ ጣሪያ የሚነካበት ቦታ) ላይ ጀግናዋ የምትወስደው ውሳኔ እንዳለ ከቆመ ፍቅሩ ጌጥ ነው። «ለምን እንዲህ አደረገች?» የሚል ጥያቄ ከተፈጠረብህ ግን ምሰሶ ነውና እንዳትነካው።

ምሰሶ ሲሆን ምን እንደሚመስል የ2008ቱን አይረን ማን እይ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጀግናው ቶኒ ስታርክ ደረቱ ውስጥ ያለውን፣ በሕይወት የሚያቆየውን ሪአክተር (የኃይል ምንጭ) ለመቀየር ቀጭን እጅ ያስፈልገዋልና ረዳቱን ፔፐርን ይጠራታል። እጇን ደረቱ ውስጥ ከታ ሽቦውን ስትስበው ማግኔቱም አብሮ ይወጣል፤ ልቡ ሊቆም ይደርሳል። ከተረፈ በኋላ አሮጌውን ሪአክተር እንድትጥለው ያዛታል። አልጣለችውም፤ መስታወት ውስጥ አድርጋ መልሳ ሰጠችው። በኋላ የሥራ ሸሪኩ የነበረው ጠላቱ ስቴን አዲሱን ከደረቱ ነቅሎ ሲሄድ፣ ቶኒ እየተንፏቀቀ የሚደርስበትና ነፍሱን የሚያተርፈው ያ የመስታወቱ ዕቃ ነው። መሳሳም የለም፣ «እወድሻለሁ» የለም። አንድ ዕቃ ግን መተማመናቸውን አሳየ፣ ንግር (የሚመጣውን ቀድሞ የሚጠቁም ፍንጭ) ሆነ፣ ጡዘቱንም ተሸከመ። እነዚያን ትዕይንቶች ብታወጣቸው ቶኒ ሞቶ ይቀራል።

የዘውጉ ፍቅር ከየት እንደመጣም ማወቅ ይጠቅማል። ሎይስ ሌን ከሱፐርማን ጋር የታየችው ገና በመጀመሪያው ዕትም፣ በ1938 ነው። ባልደረባዋን ክላርክን ከቁም ነገር አትቆጥረውም፣ ልቧ ያለው ሱፐርማን ጋር ነው፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ ሰው ናቸው። ፍቅሩን ሲያንቀሳቅስ የኖረው ምስጢሩ ነው። ተመልካቹ የሚያውቀውን አንደኛው ወገን አያውቅም፤ ስለዚህ ተራ ወሬ እንኳ ውጥረት ይኖረዋል። ጀግናው ማንነቱን በአደባባይ ከተናገረ ያ ጉልበት ይጠፋል፣ ሌላ እንቅፋት መፈለግ ግድ ይሆናል። የአንተ ነርስ ምስጢር አላት። ጥሩ ነገር በእጅህ ነው ያለው።

መቀስ
ከኤዲቲንግ ጠረጴዛ አንጻር ልጨምር። አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው፤ 17 ገጽ ማለት ከፊልሙ 14 በመቶ ገደማ። በራሱ ብዙ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ትዕይንቱ ከፍቅር በቀር ሌላ ሥራ ከሌለው ነው። ፊልሙ ረዝሞ ደቂቃ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው፤ ከስድስቱ ሁለቱ ሲወጡ የቀሩት አራቱ ሥር ያጣሉ። ተመልካቹም «እነዚህ ሰዎች መቼ ተዋደዱ?» ይላል።

የ2015ቱን የአቬንጀርስ ፊልም ኤጅ ኦፍ አልትሮንን የገጠመው ይኸው ነው። 141 ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጀግና፣ አዳዲስ ገጸ ባሕርያት፣ አንድ ጠላት፤ በዚያ ላይ ከስድስቱ የሁለቱ፣ የናታሻና የባነር ፍቅር። ፍቅሩ ሲጀመር አናይም፣ ደርሶ ነው የምናገኘው። በ2018ቱ ተከታይ ፊልም፣ ኢንፊኒቲ ዋር፣ ሁለቱ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ያልፋሉ፤ ያን ሁሉ ደቂቃ የወሰደ ፍቅር የትም አልደረሰም።

ስለዚህ ወደ 11 ወይም 12 ገጽ አውርደው፤ ግን ትዕይንት በመሰረዝ ሳይሆን በማዋሃድ። ስድስቱን አራት አድርግ፤ እያንዳንዱ ስለ ዋናው ሴራ ቢያንስ አንድ አዲስ መረጃ ይያዝ። የመጀመሪያው ትውውቅ ከገጽ 15 አይለፍ፣ ሾፌሩም ሥራው ላይ ይሁን። ከጦርነት ማግስት የሚመጣ መሳሳም ካለህ ደግሞ አውጣው፤ ያን ጊዜ ተመልካቹ የሚፈልገው ትንፋሽ መሰብሰብ ነው።

የፊት ወንበር
እኔ ከሚያወጡት ወገን ነኝ። ሎጋን (2017) የፍቅር ታሪክ የለውም፤ አንድ አዛውንት፣ አንድ የደከመ ሰውና አንዲት ልጅ መኪና ውስጥ ናቸው፣ ልብ ግን ይሰብራል። ካፕቴን ማርቭል (2019) በፍቅረኛ ፋንታ የጀግናዋን የካሮልንና የማሪያን ጓደኝነት ይዞ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ጀግናው የሚያጣው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ግን እህት፣ ልጅ ወይም አስተማሪ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር አደራ፦ ሾፌሩን ለማስለቀስ ብቻ እንዳትገድለው። የስፓይደርማን ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲ በኮሚኩ (በሥዕል መጽሔቱ) የሞተችው በ1973 ነው፤ ያኔ አስደንጋጭ ነበር፣ ዛሬ ተመልካቹ ከሩቅ ያየዋል። ሞት ከኖረም እንደ ባትማኑ ፊልም ዳርክ ናይት (2008) መዘዝ ይኑረው። ብሩስ (ባትማን) የሚወዳት የሬቼል ሞት እሷ የመረጠችውን ሃርቪ ዴንትን አጣመመው። ሃርቪን እንደመረጠች የጻፈችውን ደብዳቤ ደግሞ የብሩስ አሳላፊ አልፍሬድ ብሩስ ሳያየው አቃጠለው፤ ብሩስ እስከ ፊልሙ መጨረሻ እሱን የመረጠች ይመስለዋል። ከሞተች በኋላ እንኳ ፍቅሩ ሴራውን እየገፋ ነው።

ባለስክሪፕቱ
በቀለም አስምሬ አነበብኩት። ጡዘቱ አልተነካም፤ ጌጥ ነው ማለት ነው። ሾፌሩ ምስጢሩን የሚያውቀው ገጽ 98 ላይ ነው፣ እሷው ነግራው። እስከዚያ የሚገናኙት ሻይ ቤት ነው።

ሴራ ፈቺ
ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። የዚህ ሰው ሥራ እሷ የተዋጋችበት ቦታ እየሄደ ቁስለኛ ማንሳት ነው፤ አንተ ግን ሻይ ቤት አስቀመጥከው። አምቡላንሱ ውስጥ የጥሪ መዝገብ ይኑር፦ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተጎጂ ብዛት። ገጽ 30 አካባቢ አርፍዳ ስትገባ ይያት፣ ምንም አይበል። ገጽ 60 ላይ መዝገቡን ሲያገላብጥ እሷ ከተረኛ ክፍሏ የጠፋችባቸው ሰዓቶች ከከባዶቹ ጥሪዎች ጋር አንድ በአንድ ይግጠሙ። ራሱ ይድረስበት፣ እሷ አትንገረው።

ከዚያ ምርጫው የእሱ ይሆናል። መርማሪዎች መዝገቡን ሲጠይቁት ገጹን ቀድዶ ያስቀራል፤ በዚያ ገጽ ላይ ግን የጠላትን መደበቂያ የሚጠቁም አድራሻም አለ። ጡዘቱ ላይ እሷ አድራሻውን ስትፈልግ ወረቀቱ እሱ ኪስ ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ ከተማው ማዶ ቁስለኛ ጭኗል። ወረቀቱን ይዞ ይምጣ ወይስ ቁስለኛውን ያድርስ? ሬዲዮው ላይ ሆነው ይወስኑ። የሻይ ቤቱን ሦስት ትዕይንት አውጣቸው፤ የቀሩት አምቡላንሱ ውስጥ ይሁኑ።