«ቤቱ ራሱ ይፈርዳል» ለሚሉ ሁሉ

አራዳ ማዶ፦
ባለፈው ቅዳሜ ማታ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ላይ ባደረግነው ንባብ፣ የቡድናችን አባል እየጻፈው ያለው የምናብ ልብ ወለድ አራተኛ ምዕራፍ ከተሰማ በኋላ፣ ጠበቃ የሆነችው እህታችን «ትልቅ የነጋዴ ቤት ልጁን ለሕግ አሳልፎ አይሰጥም፤ ቤቱ ራሱ ይፈርዳል» ብላ ግማሹ ታዳሚ አጨብጭቦላታል። እኔ በዕለቱ ዝም ያልኩት ስለመሸ እንጂ ስለተስማማሁ አይደለም። ላልነበራችሁ ነገሩ እንዲህ ነው፤ በምናቡ ከተማ ሦስት የነጋዴ ቤቶች አሉ፤ የጨው፣ የዝባድና የዕጣን። የጨው ቤት ሁለተኛ ልጅ የፈረሱላውን የመዳብ መመዘኛ ከሥሩ ፍቆ ያቀለዋል፤ ይህን የደረሰበትን የኬላ መዛኝም ከግንብ ገፍትሮ ይገድለዋል፤ አባወራው ልጁን ምድር ቤት ቆልፎበት ለሟች ሚስት ወርቅ ይልካል። ይህ ነው ፍርድ የተባለው? የሚፈርድ ሰው ከሳሽን ይሰማል፣ ተከሳሽን ይጠይቃል፣ ቃሉንም በአደባባይ ይናገራል። ይህ ሰውዬ ያደረገው የተበላሸ ዕቃ መጋዘን ማስገባት ነው።

ጠበቃዋ፦
ወንድሜ፣ ንግግሬን ራሱን ቆርጠህ ጅራቱን አቀረብከው። እኔ ያልኩት «ከተማው ዳኛ ከሌለው ቤቱ ራሱ ይፈርዳል» ነው። በዚያ ከተማ ንጉሥ የለም፤ ችሎት የለም፤ ኬላውን የሚጠብቁት ሦስቱ ቤቶች በየተራ ናቸው። ታዲያ አባወራው ልጁን ለማን ይስጠው? ለባላንጣው ለዝባድ ቤት? ደግሞም ወገን በወንጀል ጉዳይ ሥልጣን ያለው መሆኑ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በነገሥታቱ ዘመን ነፍሰ ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ወገን ይሰጥ ነበር፤ ወገኑም ወይ ደሙን በደም ይመልሳል፣ ወይ የደም ዋጋ ተቀብሎ ይተወዋል።

አራዳ ማዶ፦
«ከተፈረደበት በኋላ» ብለሽ ራስሽ ጻፍሽው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች። ፈራጁ ዳኛው ነው፤ ወገን የሚመርጠው ደም ወይም ዋጋ ብቻ ነው፤ ያም ወገን የሟች እንጂ የገዳይ አይደለም። የገዳይ አባት ዳኛ ሆኖ የተቀመጠበትን ሥርዓት አንድ ጥቀሺልኝ። «ከተማው ዳኛ ከሌለው» የሚለውን ደግሞ እኔ አልሰማሁም፤ የተቀመጥኩትም ፊት ለፊትሽ ነበር።

የታሪክ መምህር፦
ሁለታችሁም አንድ ሰው ረስታችኋል፤ ነጋድራሱን። በከተማችን የነጋዴ ነገር የሚታየው በነጋዴው ቤት ውስጥ አልነበረም። ወደ ምጽዋና ወደ መተማ የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ቀረጡን የሚከፍለው ለነጋድራስ ነው፤ ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላም ነገሩን የሚሰማው እርሱ ነው። ስለዚህ «ቤቱ ይፈርዳል» የሚለው አባባል ለምናብ ካልሆነ በቀር ለጎንደር አይሠራም። ደራሲው ሦስት ቤቶች ፈጥሮ ነጋድራስ አለመፍጠሩ የከተማውን ምሰሶ ነቅሎ ጣሪያውን ለማቆም እንደመሞከር ነው።

አዘዞ፦
መምህር፣ በአክብሮት ልጠይቅዎ፤ ነጋድራሱ ከየት የመጣ ሰው ነበር? ከገዳም ነው? ስሙ ራሱ «የነጋዴዎች አለቃ» ነው የሚለው፤ ብዙውን ጊዜም ራሱ ባለ ብዙ በቅሎ ነጋዴ ነበር። እንግዲህ የነጋድራሱ የወንድም ልጅ መመዘኛ ቢፍቅ ነገሩን የሚሰማው ማን ነው? አጎቱ! እህታችን ያለችውን እኮ ነው በሌላ ስም ያረጋገጡት።

የታሪክ መምህር፦
ሹመቱ ከገዥው ነው፤ የሾመው ይሽረዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

አዘዞ፦
በየዓመቱ የተቆረጠበትን ገንዘብ እስካስገባ ድረስ ማን ይሽረዋል?

የአዲስ ዓለም ልጅ፦
ስለ ጎንደር ነጋዴ ይህን ሁሉ ስትጽፉ አዲስ ዓለም የሚለውን የሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር ስም አንድም ሰው አላነሳም፤ እንዲያው ከሰማይ የወረደ ሲራራ ይመስል! በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በተደረገው ጉባኤ፣ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ከተወሰነ በኋላ፣ የከተማው ንግድ በአብዛኛው በዚያ ሰፈር ሰዎች ትከሻ ላይ ነበር። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም። የባለርስት ልጅ ቢሰርቅ መሬቱ አይሰደድም፤ የነጋዴ ልጅ ቢሰርቅ ግን የአባቱ ስም ከመንገዱ ይጠፋል፤ አሞሌውንም ሆነ ቡናውን በቃሉ ብቻ የሚያበድረው ሰው አያገኝም። ነጋዴ ቤት በልጁ ላይ የሚጨክነው ፍትሕ ስለወደደ ሳይሆን ሀብቱ ሁሉ ያለው በሰው አፍ ውስጥ ስለሆነ ነው።

አንድ ያየሁትን ልጨምር። ከዘመዶቻችን አንዱ ከገዢዎች የሰሊጥ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ሰሊጡን ለሁለት ሰው ሸጠው። አያቴ ፖሊስም አልጠሩ፣ ሽማግሌም አልሰበሰቡ። የቤቱን ትልቁን የዱቤ መዝገብ አስመጡ፤ ለተጎዱት አንድ በአንድ ከፍለው በእያንዳንዱ ስም ትይዩ አስፈረሙ፤ ከዚያ የዚያን ልጅ ስም የያዘውን ገጽ በምላጭ ከሥሩ ቆርጠው አወጡት። ገጹን አላቃጠሉትም፤ አጥፈው ከኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ቀን በኋላ በቤቱ ስም አንድ ኩንታል እንኳ በዱቤ የሰጠው ሰው የለም። ሱቁ በር ላይ ሲያልፍ «ደኅና ዋሉ» ይላል፤ አያቴ አፀፋውን ይመልሳሉ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ጠበቃዋ፦
ይኸው! ከዚህ የበለጠ ፍርድ ከየት ይምጣ? ምስክር አለ፣ ካሳ አለ፣ ፊርማ አለ፣ ቅጣት አለ።

አራዳ ማዶ፦
አያትህ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን እስማለሁ። ነገር ግን ከፈሉ እንጂ አልፈረዱም። በእርሳቸው ነገር የሞተ ሰው የለም፤ በደራሲው ታሪክ መዛኙ ሞቷል። እህቴ ሙያሽ ነውና አንቺው ንገሪን፤ ዛሬ እዚህ ከተማ አንድ ባለሀብት ልጁ ሰው ገድሎ ምድር ቤት ቢቆልፍበት ምን ይባላል?

ጠበቃዋ፦
ዛሬማ የታወቀ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ግድያ በግል አቤቱታ የሚቆም ጉዳይ አይደለም፤ ሽማግሌ ቢያስታርቅ፣ ካሳ ቢከፈል፣ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል፤ ካሳው ቢበዛ ቅጣት ማቅለያ ይሆናል። አባትየውም ከተጠያቂነት ላያመልጥ ይችላል። ነገር ግን የዛሬውን ሕግ ዳኛ በሌለበት የምናብ ከተማ ላይ መጫን ፍትሕ ነገሥቱን ለአውሮፕላን አብራሪ እንደማንበብ ነው።

ቀሃ፦
የገዳይ አባት ዳኛ ሆኖ የተቀመጠበት ሥርዓት ተጠይቆ ነበር፤ እኔ ተቃራኒውን ላምጣ። በነጋዴዎቿ በምትገዛው በጣሊያኗ ከተማ በቬኒስ፣ ፍራንቼስኮ ፎስካሪ የከተማው አለቃ ሳለ፣ ልጁ ያኮፖ እ.ኤ.አ. በ1445 መማለጃ ተቀብሏል ተብሎ የፈረደበት የአባቱ ቤት ሳይሆን የአሥሩ ጉባኤ የሚባለው ችሎት ነው። ቆይቶም በሰው ግድያ ተከሶ ወደ ቀርጤስ ተጋዘ፤ በ1457 እዚያው ሞተ። አባቱ በዙፋን ላይ ተቀምጦ ሊያድነው አልቻለም፤ በዚያው ዓመት እርሱም ከሥልጣኑ ተነሣ። ሌላዋ የጣሊያን ከተማ ፊሬንዜ (ፍሎረንስ) ደግሞ በ1293 ባወጣችው ደንብ ኃያላን የተባሉትን ቤቶች፣ እንደ ባርዲና ፍሬስኮባልዲ ያሉትን የባንክ ቤቶች ጨምሮ፣ ለመልካም ጠባያቸው 2,000 ሊሬ ዋስትና አስያዘቻቸው። ከመካከላቸው አንዱ ተራውን ሰው ቢገድል ቤቱ እንዲፈርስ ይፈረድበት ነበር፤ ቤት ስል ግንቡን ማለቴ ነው። ስለዚህ ብልህ ከተማ ቤቱ እንዲፈርድ አይተውም፤ ቤቱን ዋስ ያደርገዋል።

አዘዞ፦
ጎንደር አልበቃ ብሎን ቬኒስ ገባን። ይህን ለማወቅ ባሕር መሻገር ያስፈልግ ነበር? «ዋስ ጥራ» የሚለው ቃል ከፊሬንዜ ነው የመጣው? ዋስ ያጣ ሰው ከባላጋራው ጋር በአንድ ሰንሰለት በቁራኛ ታስሮ ወደ ችሎት ሲሄድ የኖረበት ሀገር ልጆች ነን። ትልቅ ቤት ማለት በአንድ ጥሪ አሥር ዋስ የሚነሣለት ቤት ነው፤ ድሃው ነው ሰንሰለቱን የሚጎትተው።

ቀሃ፦
የእኛው ዋስ ተከሳሹ ችሎት እንደሚቀርብ ነው የሚያረጋግጠው፤ የዚያኛው ወንጀሉ ከመፈጸሙ በፊት ከቤተሰቡ የተያዘ ነው። ማንበብ ይቅደም፣ ቁጣ ይከተል።

ደራሲው፦
ታሪኩ የእኔ ስለሆነ አንድ ነገር እንድናገር ፍቀዱልኝ። በሁለተኛው ምዕራፍ እንደተነበበው፣ የእያንዳንዱ ቤት ማኅተም የቤቱ ሰው መሐላ ሲያፈርስ ይጠቁራል። የጨው ቤት ማኅተም መዛኙ በሞተበት ሌሊት ጠቁሯል፤ በማግሥቱ የታተመው ውል ሁሉ በገበያው ጥቁር ሆኖ ታይቷል። አባወራው ልጁን የቆለፈው ለመደበቅ ሊሆን አይችልም፤ ሁሉም አውቋልና። የቆለፈው ዝባድ ቤትና ዕጣን ቤት መጥተው ምን እንደሚጠይቁ እስኪሰማ ነው።

አራዳ ማዶ፦
አሁን ገና ነገር መጣ። እንግዲያው ልጁ እስረኛ አይደለም፤ መያዣ ነው። አባወራው ዳኛ ሳይሆን ተደራዳሪ ነው። «ይፈርዳል» የሚለው ግስ ከእነ አሳዳሪው ይውደቅ።

ጠበቃዋ፦
አይወድቅም። ማኅተሙ የሚነጣው አባወራው ምን ሲያደርግ ነው? ደራሲው ይህን ይመልስ። ልጁን ሲያሳልፍ የሚነጣ ከሆነ አራዳ ማዶ ረታ፤ አባትየው በልጁ ላይ ቃሉን ሲሰጥ የሚነጣ ከሆነ እኔ ረታሁ።

ደራሲው፦
ገና አልወሰንኩም።

የታሪክ መምህር፦
ነጋድራስ ብትጨምርበት ኖሮ ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር።

የአዲስ ዓለም ልጅ፦
ይነጣል የሚለው ከየት መጣ? በእኛ ቤት መዝገብ ላይ የተቆረጠው ገጽ ቦታ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ክሩ ላልቶ ቀጥሎ ያለው ገጽም ሊወልቅ ደርሷል።

አዘዞ፦
ቅዳሜ አምስተኛው ምዕራፍ ይነበባል። እስከዚያው ግን እህታችን ያለችው ምን እንደነበረ ይለይልን፤ ድምፅ ሲቀዳ የነበረ ሰው ነበር።

ቀሃ፦
የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ጊዜ ደግሜ ሰማሁት። «ቤቱ ራሱ ይፈርዳል» ጥርት ብሎ ይሰማል። ከዚያ በፊት «ከተማው ዳኛ ከሌለው» መባል ባለበት ቦታ የሚሰማው የሲኒ መንኳኳት ነው።

ጠበቃዋ፦
ሲኒ ይዞ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ማን እንደነበረ እርሱ ራሱ ከላይ ጽፏል።

አራዳ ማዶ፦
እኔ የያዝኩት የሻይ ብርጭቆ ነው።